የኔታና ያበጠው ባትሪ

የኔታ ጥበቡ ማረፋቸውን የነገረኝ ቻርጀር ሊያሠራ የመጣ ሰው ነው፤ ያውም በሌላ ወሬ መሃል። «እኒያ ዓይናቸውን የሚያማቸው የቅኔ መምህር ቅዳሜ ተቀበሩ አሉ» አለና ትንፋሽ ሳይወስድ «ታዲያ ይኼ ገመድ ይሠራል ወይስ ልጣለው?» ብሎ ጠየቀኝ። ገመዱን በእጄ አገላበጥኩት። ሰውዬው ዋጋ የማሰላ መስሎት «አታስወድጂብኝ እንጂ የሺ» አለ። «ነገ ና» ብዬ ሸኘሁትና በሩን ገርበብ አድርጌ ቁጭ አልኩ። አላለቀስኩም። ሰው በጣም ሲደክመው እንባውም እሺ አይለውም።

እኔ ንፋስ መውጫ ከተማ ስልክና ላፕቶፕ እጠግናለሁ። ሱቄ ከመናኸሪያው ጀርባ ናት፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ ነው የሚቆመው። የሚያደክመኝ ሥራው እንዳይመስላችሁ፤ ብሎን መፍታትማ ምን አለው? የሚያደክመኝ ሰው ነው። «ባትሪህ አብጧል፤ ከእንግዲህ ቻርጅ እንዳታደርገው» ስለው «ኧረ ትንሽ ነው ያበጠው፤ ጫን አድርገሽ ግጠሚልኝ» ይለኛል። እምቢ ስል ተቆጥቶ ሌላ ቦታ ይሄዳል። እዚያ ይገጥሙለታል። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ምንም አይሆንም! ከዚያ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ላፕቶፑን ከፍ አድርጎ እያሳየኝ «ይኸው የሺ፣ አልፈነዳም!» ይላል። «እሰይ» እለዋለሁ። ሌላ ምን ይባላል?

እኔ ግን አንድ ጊዜ አይቻለሁ። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን ያበጠ ባትሪ በካቻቪቴ ፈልቅቄ ላወጣ ስል ወጋሁት። ጭሱና እሳቱ አንድ ላይ ነው የወጣው። ግራ እጄ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ቀን ነው፤ ጠረጴዛዬም ከስሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ በባትሪ ነገር ከማንም ጋር አልደራደርም፤ ክፉ ሴት ናት ብለው ስም አውጥተውልኛል። ይሁና።

የኔታ ጥበቡ መጀመሪያ የመጡት በገበያ ቀን ነው። ከቤተ ልሔም ደብር ወረድ ብሎ ባለ መንደር ቅኔ የሚያስተምሩ ሰው መሆናቸውን ያኔ አላውቅም። ጥምጥማቸው ንጹሕ፣ ጋቢያቸው ያረጀ፣ ቁመታቸው ዘለግ ያለ ሽማግሌ ናቸው። ትከሻቸው ላይ ማኅደር አንግተዋል፤ ያ የብራና መጽሐፍ የሚከተትበት የቆዳ ከረጢት።

«የኔታ፣ ተሳስተዋል መሰለኝ፤ እዚህ መጽሐፍ አይደጎስም» አልኳቸው።

«አልተሳሳትኩም። ይኼ መጽሐፍ ሆዱን ታሟል» አሉና ማኅደሩን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

ከፈትኩት። ነጠላ ወጣ። ከነጠላው ሥር ቀይ ጨርቅ፤ ከቀዩ ጨርቅ ሥር የሕፃን ብርድ ልብስ የመሰለ ወፍራም ነገር፤ ከሁሉም ሥር ላፕቶፕ! ሙቀቱ እጄን ሲነካኝ ክው አልኩ። ባትሪው ተነፍቶ ኪቦርዱን ወደ ላይ ገፍቶታል፤ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው አንዱ ጎኑ ይነሣል።

«ሳያጠፉት ነው እንዴ የጠቀለሉት?»

«ክዳኑን ዘግቼዋለሁ እኮ።»

«መዝጋትና ማጥፋት ምን አገናኛቸው? ስንት ቀን እንዲህ አደረጉት?»

«ሁልጊዜ ነዋ» አሉ፣ በኩራት። «ጽፌ ስጨርስ በሦስት ልብስ እጠቀልለዋለሁ፣ ማኅደሩ ውስጥ አገባዋለሁ፣ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ። አቧራ አልነካውም፣ አይጥ አልቀመሰውም። ስዳስሰው ምንጊዜም ሞቅ ያለ ነው፤ ብርድ አልመታውም ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ሆዱ ማበጥ ሲጀምር እርጥበት ገብቶት ይሆናል ብዬ ከምድጃው አጠገብ ሰቀልኩት።»

ኧረ በስመ አብ! እንደዚያ ቀን ጮኼ አላውቅም። ሽማግሌ ናቸው፣ መምህር ናቸው አላልኩም። መጽሐፍና ባትሪ አንድ አይደለም፣ መጽሐፍ ሙቀት አያወጣም፣ ይኼ የራሱ ሙቀት አለው፣ አየር ካጣ ራሱን ነው የሚበላው፣ ይኼን ተሸክመው ሚኒባስ ውስጥ ገብተው ከነሰዉ ሊነዱ ነበር፤ ያልኩት መዓት ነው። በሩ ላይ የቆሙት ደንበኞች አፈሩልኝ። የኔታ ግን እጃቸውን አጣምረው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ጨረስሽ?» አሉ።

«ጨረስኩ።»

«እንግዲያ እንደገና ከመጀመሪያው ቀስ ብለሽ ንገሪኝ። ቁጣሽ ውስጥ ትምህርት ነበረበት፤ አመለጠኝ።»

እኔ ነኝ ያፈርኩት። ብድግ ብዬ ወንበር ሰጠኋቸውና ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። ሲጽፉ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ይሁን፣ አልጋና ጋቢ ላይ አይሁን። ሲጨርሱ አጥፍተውት፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀው ነው የሚሸፍኑት። ቻርጁን ከሃያ በመቶ በታች አያውርዱት፣ ከሰማንያ በላይም ሁልጊዜ አያጥግቡት። ለረጅም ጊዜ የማይነኩት ከሆነ ግማሽ ላይ አድርገው ያኑሩት። ካበጠ አይውጉት፣ አይጫኑት፣ ቻርጅ አያድርጉት። እያንዳንዷን በመቁጠሪያቸው ላይ እየያዙ ሰሙኝ።

«መራብም መጥገብም አይወድም በይኛ» አሉ። «ይኼስ ከብዙ መነኩሴ ይሻላል።»

ኋላ እንደሰማሁት ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው ይህንኑ በቃል አስጠንተዋቸዋል። ያልያዘ ተማሪ ላፕቶፑ ወዳለበት ቤት አይገባም ነበር።

ባትሪውን እንደምንም ሳልወጋው አወጣሁትና ደጅ ከግንቡ ሥር ባለው ባልዲ ውስጥ፣ ደረቅ አሸዋ ላይ አኖርኩት፤ በላዩም አሸዋ አለበስኩት። የኔታ አጠገቤ ቆመው አዩኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጽሑፉስ?» አሉ።

«ጽሑፉ ደኅና ነው፤ ባትሪው ውስጥ አይደለም ያለው።»

ወንበሩ ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። ጽሑፉ ምን እንደሆነ ያኔ ነገሩኝ። ቅኔ ያስተማሯቸው መምህር ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗል። እኒያ መምህር በየበዓሉ አዲስ ቅኔ ይዘርፉ ነበር፤ አንድም ቀን ግን ብራና ላይ አላሰፈሩም። ሰምተው በቃላቸው የያዙት ብዙዎች ነበሩ፤ አንድ በአንድ ሞቱ። አሁን የቀሩት የኔታ ብቻ ናቸው። የኔታን ደግሞ ስኳር ዓይናቸውን እየበላው ነው። ወረቀት ላይ ያለ ፊደል አይታያቸውም። ከተማ የገባ የድሮ ተማሪያቸው ይህን ላፕቶፕ አመጣላቸውና ፊደሉን ስክሪኑ ላይ ጡጫ አሳክለው እንዴት እንደሚጽፉ አሳያቸው። በአንድ ጣታቸው እየለቀሙ ሁለት ዓመት ጻፉ።

«የቀሩኝ ቅኔዎች ሠላሳ አይሞሉም» አሉ። «ሐኪሙ ደግሞ ዓይንህ ብዙ አይቆይም ብሎኛል። ስለዚህ ቶሎ በይልኝ ልጄ።»

አዲስ ባትሪ ከባሕር ዳር ማዘዝ ነበረብኝ። «ሁለት ሳምንት» አልኳቸው። መንደራቸው መብራት የለም፤ ቻርጅ የሚያደርጉት ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ በቆመች አንዲት ሶላር ነው። እሷ ደግሞ ቀስ እያለች ባትሪ ትሞላለች እንጂ ላፕቶፑን ብቻዋን አትሸከምም። ያለ ባትሪ እዚያ ምንም መጻፍ አይችሉም።

«እንግዲያ አዲሱ እስኪመጣ በዚሁ ባበጠው ልሥራ» አሉ።

«አይሆንም።»

«ተጠንቅቄ። አልጠቀልለውም።»

«የኔታ፣ አይሆንም አልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰሙም?»

«እኔ አንድ ወር ነው ሁለት ወር ነው የቀረኝ ዓይን። ቢነድስ? ሽማግሌ ነኝ፤ ምን ይቀርብኛል?»

«እዚያ የሚያድሩት እርስዎ ብቻ ነዎት? ተማሪዎቹስ?»

ይህን ስል መቁጠሪያቸውን ጨበጡ። «ጎጆው ሣር ነው» አሉ። «አንዱ ካንዱ ተጠጋግቶ ነው የተሠራው። ልጆቹም ብርዱን ፍራቻ ተደራርበው ነው የሚተኙት።» ማኅደራቸውን አንግተው ወጡ፤ ላፕቶፑ ግን እኔው ጋ ቀረ።

ተስማማን ብዬ ነበር። አይ የኔታ! በሚቀጥለው ገበያ መጡ።

«ባትሪዬ ምን አለ?»

«ዝም ብሏል።»

«ዝም ካለማ ደኅና ነው። ስጪኝ።»

«አልሰጥም።»

«ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል እንጂ ሳይቃጠል ዝም ብለህ ተቀመጥ ይባላል?»

ሳቄ መጣ፤ ግን አልሰጠኋቸውም። «ለተማሪ ይንገሩትና እሱ በወረቀት ይጻፍልዎት» አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። «ተማሪ የሰማውን አይጽፍም፤ የመሰለውን ነው የሚጽፈው። አንዲት ፊደል ቢያዛባብኝ መምህሬን በሰማይ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» አሉ። እንግዲያ እዚሁ ሱቄ ውስጥ በገመድ ይጻፉ ብዬ ጥግ ላይ አስቀመጥኳቸው። አንዱ ስልኩን ሊያስከፍት ይጮኻል፣ አንዱ ዘፈን ያስጭናል፣ ባጃጁ በሩ ላይ ቆሞ ይነፋል። እሳቸው በአንድ ጣታቸው ፊደል ይፈልጋሉ። መብራት ሦስቴ ጠፋ፤ ሦስቴም የጻፉትን ይዞባቸው ጠፋ። በሦስተኛው ጊዜ ተነሡና ጋቢያቸውን አራገፉ። «የመምህሬን ቅኔ ከሞት ላውጣ ብዬ እዚህ ሦስቴ ገደልኩት። ይብቃኝ» አሉ። ተማሪዎቹንም ጥለው ከተማ መክረም አይችሉም ነበር።

ሁለት ሳምንቱ ሦስት ሆነ። የባሕር ዳሩ መንገድ ተዘጋ። ሲከፈት ዕቃ የጫነው መኪና ቀረ፤ መኪናው ሲገኝ መንገዱ እንደገና ተዘጋ። በየቀኑ እደውላለሁ፤ «ነገ» ይሉኛል። ነገ የሚባል ቃል እስኪያስጠላኝ ድረስ። የኔታ ግን አንድም ገበያ አልቀሩም። ያን ሁሉ መንገድ መጥተው ባልዲዋን ያዩና፣ እኔን ያዩና፣ ይጠይቃሉ። እኔም እምቢ እላለሁ። እውነቱን ልናገር? አንዳንድ ቀን ልሰጣቸው ወስኜ ነበር። ባትሪው አሸዋው ውስጥ ምንም አልሆነም። አልጨሰም፣ አልሸተተም። አንድ ቀን እንዲያውም አሸዋውን በእጄ ገልጬ አየሁትና «አንተ ርጉም፣ ወይ ንደድና ይውጣልኝ» አልኩት። ቢነድልኝ ኖሮ እኮ የኔታን ጠርቼ «ይኸው፣ አላልኩም?» እላቸው ነበር። እሱ ግን ዝም አለ፤ መልሼ አሸዋ አለበስኩት።

በአምስተኛው ሳምንት ሲመጡ መሪጌታ አንዱዓለም አብረዋቸው ነበሩ፤ በሳቸው ሥር የሚያስተምሩ፣ ጢማቸው ሸበት ያለ ሰው። የኔታ እጃቸውን መሪጌታ ትከሻ ላይ ጥለዋል። የሱቄን መቃን በሌላው እጃቸው ሲዳብሱ አየሁና ሁሉም ገባኝ።

«ዛሬስ ባትሪውን ልጠይቅ አልመጣሁም» አሉ።

«ታዲያ ለምን መጡ የኔታ?»

«ወሬው ከሰው አፍ እንዳይደርስሽ ብዬ ነው። ሐሙስ ዕለት የመሪጌታን ስልክ ተቀብዬ ፊደል ላይ አፈጠጥኩ። ጡጫ የሚያህለው ጠፋብኝ።»

«ሰጥቼዎት ቢሆን ይጨርሱ ነበር» አልኩ።

ሌላ ሰው ቢሆን «ኧረ ተዪው፣ የእግዜር ፈቃድ ነው» ብሎ ያልፈኝ ነበር። የኔታ መዋሸት አይችሉበትም። «እጨርስ ነበር» አሉ። «በደንብ እጨርስ ነበር። ወይም ልጆቹን ከነጎጆአቸው አቃጥል ነበር። የቱ እንደሚሆን አንቺም አታውቂ፣ እኔም አላውቅ። ለተማሪ አልናገርም ያልኩትስ? እሱ የኔ ትዕቢት ነው፤ ያንቺ አይደለም። ተይ አትደርቢው።»

ከዚያ ወደ ባልዲዋ ውሰጂኝ አሉኝ። ወሰድኳቸው። ጎንበስ ብለው የባልዲዋን ከንፈር በጣታቸው ዞሩት።

«የነደደ እሳት ያየ ሰው ሁሉ ይጮኻል፣ ውኃ ይዞ ይሮጣል፣ ያጠፋው ሰውም ይመሰገናል» አሉ። «ያልነደደውን ግን ማን ያየዋል? ስለዚህ ማየት ካቆምኩ ዘንድ እኔ ልይልሽ። እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ የሺ።»

እዚያው ግንቡ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ፤ መናኸሪያው ሙሉ ሰው እያየኝ። ብዙ ዓመት በዚህ ሥራ ቆይቻለሁ። ለሠራሁት ያመሰገነኝ ሰው አለ፤ ብዙ ባይሆንም አለ። ለከለከልኩት ያመሰገነኝ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። ያውም ከሁሉም በላይ የከለከልኩት እሳቸውን ነው።

ባትሪው በሰባተኛው ሳምንት መጣ። ገጥሜ ሞከርኩት፤ ላፕቶፑን መሪጌታ አንዱዓለም መጥተው ወሰዱት። የኔታ ትዕቢታቸውን ዋጥ አድርገው መናገር ጀመሩ፤ መሪጌታ ይጽፋሉ። አንዱን መስመር ዐሥር ጊዜ እያስነበቡ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ በስሙ እያስጠሩ። ቀን ላይ ጥቂት እንደሠሩ ይደክማቸው ነበር አሉ። የስኳሩ መድኃኒትም በዚያ በተዘጋው መንገድ ነበር የሚመጣው። አንዳንዴ ይደርሳል፣ አንዳንዴ አይደርስም። እንዲህ እያሉ ነው ያረፉት።

ለቅሶ የሄድኩት የሞታቸውን ወሬ በሰማሁ በሦስተኛው ቀን ነው። ሚኒባሱ ካወረደኝ በኋላ ብዙ በእግር ሄድኩ፤ ገብሱ ታጭዶ ማሳው ባዶ ነበር። መሪጌታ አንዱዓለም የኔታ ይኖሩባት የነበረች ቤት አስገቡኝ። ላፕቶፑ እንጨት ጠረጴዛ ላይ፣ ተገልጦ፣ ጠፍቶ ተቀምጧል። ከፍተው መጨረሻ የጻፉትን አሳዩኝ። ግእዝ አላውቅም፤ እሳቸው ናቸው ያስረዱኝ።

«መወድስ ይባላል። ስምንት መስመር ነው መሆን ያለበት» አሉ።

ቆጠርኩ። አምስት ነው። ከዚያ በታች ነጭ ነው።

«ከዚህስ በኋላ?»

«ከዚህ በኋላ ሌሎች ዐሥራ አንድ ቅኔዎች ነበሩ። አብረዋቸው ሄዱ። ይቺን ግን እኛ ልንሞላት እንችል ነበር። የቅኔ ተማሪ እኮ ነን፤ ጅምሩን አይቶ ፍጻሜውን የሚያገኝ አይጠፋም። እሳቸው ናቸው እንዳትነኩ ያሉን፤ ባዶውን እንዳለ ተዉት አሉ።»

«ለምን?»

«እኔም ጠየቅኋቸው። የኔታ፣ ለምን ጎደለ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ ምን ልበለው? አልኳቸው።» መሪጌታ ላፕቶፑን አጠፉት። «የጎደለውን ማየት ከፈለገ ወደ ውጭ ይውጣና ልጆቹን ይቁጠር በለው፤ አሉኝ።»

ተነሥቼ ወጣሁ። ተማሪዎቹ በየጎጆአቸው ደጅ ተቀምጠው ቃላቸውን ያጠናሉ፤ ሁሉም የየራሱን ስለሚል ድምፃቸው ይደባለቃል። የሣር ክዳኑ ደርቆ ነጥቷል። በጣቴ እያመለከትኩ ከዳር መቁጠር ጀመርኩ። አንዳንዶቹ ቀና ብለው አይተውኝ ምን ሆነች ሳይሉ አልቀሩም። ሠላሳ ስምንት ደረስኩና አለቀብኝ።

«ስንት ናቸው?» አልኳቸው መሪጌታን።

«ሠላሳ ዘጠኝ። አንዱ ውኃ ሊቀዳ ወርዷል።»

ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እስኪመጣ ጠበቅሁት።